ከማኅተሙ በፊት ግድግዳው፦ የእንግሊዝ ጌጠኛ ሳህንና የአሊዩ አምባ መንገድ

የድሮ የእንግሊዝ ጌጠኛ ሳህን የሚሰበስብ ሰው ዕቃው እጁ እንደገባ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። የዲያመንድ ቅርጽ ያለው ማኅተም ካገኘ፣ ንድፉ ከ1842 እስከ 1883 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ መመዝገቡን ያውቃል። የአገሩ ስም ከታተመበት ደግሞ ሳህኑ በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው፤ የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ ያስገደደው ምልክት ነውና። ይህ ንባብ የትውልድ ቦታንና ዘመንን ይነግረናል። ሳህኑ ከፋብሪካ ወጥቶ በማን ቤት፣ ለምን ክብር እንደኖረ ግን ማኅተሙ ዝም ይላል። ዝምታው በይበልጥ የሚጎላው ከይፋት ቆላ ሆነን ስናየው ነው።

አሊዩ አምባ በዚሁ ቆላ፣ ከአንኮበር ሥር፣ ከባሕር ጠረፍና ከሐረር ወደ ሸዋ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት የገበያ ከተማ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. በካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ጓዙን ከታጁራ በግመል ጭኖ፣ የአሳልን ሐይቅ አካባቢና የአፋርን በረሃ አቋርጦ በዚህ በኩል ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወጣ። ሃሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ የገጸ በረከቱን ርክክብ ሲተርክ አዳራሹን የሚሞሉት ምንጣፍ፣ የካሽሚር ሻል፣ ሙዚቃ የሚያሰሙ ሰዓቶችና 300 ጠመንጃ ናቸው። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ስታፎርድሻየር ሸክላ ሠሪዎች ሰማያዊ ሥዕል ያለበትን ሳህን ለዓለም ገበያ በገፍ ያመርቱ ነበር። የመንግሥት ስጦታ ኃይልን ማሳየት ስላለበት የጠመንጃው ክምር መድመቁ አያስደንቅም። ስለዚህ የሳህንን ታሪክ በቤተ መንግሥት መዝገብ መፈለግ ያሳስታል ብዬ አምናለሁ፤ ከነጋዴ ጭነትና ከቤት እመቤት ጓዳ ነው መጀመር ያለብን።

ለዚህ የተሻለውን ማስረጃ የምናገኘው በመንገዱ ሌላ ጫፍ፣ በሐረር ነው። በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ጊዲር ጋር በሚባለው ዋና ክፍል ውስጥ፣ ከመደቦቹ በላይ ያለው ግድግዳ በስፌትና ከውጭ በመጣ ሳህን ይሸፈናል። ብዙው ሳህን ፖርሴሊን አይደለም፤ በቀለም መስተዋት የተለበጠ ብረት ነው። የፋብሪካ ስም የሚያሳድድ ሰብሳቢ ሳያየው ያልፋል። ቤቱ ግን ለዕቃው የራሱ መመዘኛ አለው፦ ከየትኛው ስፌት ጎን ይሰቀል? እንግዳ ሲገባ የትኛው ቀድሞ ይታይ? የሠሪው ማኅተም በዚህ አሰቃቀል ወደ ግድግዳው ዞሮ ይሸሸጋል።

ሳህኑ ወደ ግድግዳ የወጣበት ምክንያት የአመጋገባችን ሥርዓት ይመስለኛል። እንጀራ በአንድ ገበታ ተከቦ ሲበላ፣ ለየአንዳንዱ ሰው የሚቀርብ ዝርግ ሳህን የግድ አያስፈልግም። ሲኒ ግን ለቡና በየቀኑ ይፈለጋል፤ ስለዚህም ይሰበራል፣ ይተካል። ሥራ ያልተሰጠው ሳህን ዕድሜ አገኘ።

ሰብሳቢዎች የሚወዱትን የአኻያ ንድፍ እንኳ ብንወስድ፣ ይህ የቻይና ገጽታ ያለው ሥዕል በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም እንግሊዝ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ከመዳብ ላይ በስስ ወረቀት ተገልብጦ ሸክላው ላይ ያርፋል፤ ኮባልቱ ከማንጸባረቂያው ልባስ ሥር ሆኖ እሳቱን ይችላል። ምሥራቅ ኢትዮጵያ ግን የእውነተኛውን የቻይና ሸክላ ከዚያ ብዙ ቀድማ ታውቀዋለች፤ በድሬዳዋ አቅራቢያ በሀርላ የተደረገው ቁፋሮ የመካከለኛው ዘመን ስብርባሪዎችን አውጥቷል። እንግሊዛዊው ሳህን ወደዚህ ሲመጣ የደረሰው ሸክላ መምረጥ ወደለመደ ገበያ ነበር።

ስለዚህ አንድ የአገራችን ሙዚየም ሳህን ሲረከብ መዝገቡ ከፋብሪካው ስምና ከዓመቱ እንዳያበቃ እጠይቃለሁ። ማን ሰቀለው፣ በየትኛው ግድግዳ፣ በስንተኛው ረድፍ፣ በሠርግ ነው ወይስ በውርስ የመጣው፣ መቼ ወረደ? ለመስቀያ ሲባል የተበሳ ሳህን ለንደን ውስጥ ዋጋው ይወድቃል። እኛ ዘንድ ቀዳዳው ከነልኩ ይመዝገብ፣ ፎቶውም ሳህኑ ከግድግዳው ሳይወርድ ይነሣ።