የነብሯ እናት መጽሐፍና የሶዶ ወላጅ

በአሜሪካ አገር የሕግ መምህርት የሆኑት ወይዘሮ ኤሚ ቹዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ያሳተሙት «የነብር እናት የዘመቻ መዝሙር» የተባለው መጽሐፍ ስለ ልጆች አስተዳደግ በብዙ አገር ክርክር አስነሥቷል። ስሙን ያወጡት ደራሲዋ እንደ ቻይና አቆጣጠር በነብር ዓመት ስለ ተወለዱ ነው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ከጓደኛ ቤት እንዳያድሩ፣ ቴሌቪዥን እንዳያዩ፣ ከፒያኖና ከቫዮሊን በቀር ሌላ መሣሪያ እንዳይነኩ፣ ከከፍተኛው ማርክ በታች ይዘው እንዳይመጡ መከልከላቸውን ሳያፍሩ ጽፈዋል። የቻይና እናት እንዲህ ታጠብቃለች፤ የምዕራብ እናት ግን የልጇን ስሜት ስትጠብቅ ታላላለች ይላሉ።

በወላይታ ሶዶ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይህ አከፋፈል አይበቃውም። ወላጅ በልጁ ዕድል ላይ ሲፈርድ ለማየት እስከ ቻይና መሄድ አያስፈልግም፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሣሉት በዛብህ ሳይጠየቅ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። በወላይታ ልጁን የሚያስጨንቀው ግን ከሁሉ በላይ የመሬት ማነስ ነው። አባት የወረሰውን የእንሰትና የጎደሬ ማሳ ለአምስት ልጆች ቢያካፍለው ለአንዳቸውም ጎጆ መውጫ አይሆንም። ስለዚህ «ተማር» ሲል «ከዚህ ውጣ» ማለቱ ነው። የምዕራቡ ወላጅ ልጄ የወደደውን ይምረጥ የሚለው ብዙ በር ስላለው ነው፤ በአንድ በር ፊት የቆመ ሰው ምኑን ይመርጣል?

ያም በር ጠብቧል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የማለፊያውን 50 ከመቶ ያገኙት በአገር አቀፍ ደረጃ በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በጊፋታ በዓል ዘመድ ከያለበት ሲሰበሰብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄም የልጆቹ ውጤት ነው።

እኔም በ2001 ዓ.ም. ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳላገኝ ቀረሁ። አባቴ አልመታኝም፤ አልተቆጣኝምም። አሥር ቀን ያህል ግን አላነጋገረኝም። ከዚያ በኋላ ስለ ደብተሬና ስለ ቤት ኪራዬ የሸጠውን በሬ በስሙ ጠርቶ «ዛሬ ቢኖር ያርስ ነበር» አለ። ማንበብ ስለማይችል አንድ ቀን እንኳ ከመጽሐፌ አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም።

የመጽሐፉ ብርቱ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ነቃፊዎች አሻንጉሊቱን አቃጥለዋለሁ የሚለውን ዛቻ ይዘው ሲጮኹ፣ እናቲቱ ከፒያኖው አጠገብ ለሰዓታት መቀመጣቸውን አላስተዋሉትም። ያስጨንቃሉ፤ ግን አብረው ይደክማሉ። እኛ ዛቻውን ወስደን መቀመጡን ትተነዋል። ይህን የምለው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ ማንበብ የምንችለውን ደመወዝተኞች ነው፤ ማታ ልጃችንን ለአስጠኚ ሰጥተን ሻይ ቤት እንውላለንና። በኅዳር 1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው ቅይጥ ቋንቋ የተዘጋጀው መጽሐፍ ሲመጣ የሶዶ ሕዝብ ተነሥቶ፣ ሕይወትም ጠፍቶበት፣ መጽሐፉን አስመልሷል። ስለ ትምህርት ቋንቋ እንዲህ የተነሣ ወላጅ የልጁን ደብተር ገልጦ ለማየት ምን ያግደዋል?

የእስያ መንግሥታትም ልጓም ማበጀት ጀምረዋል፤ በሴኡል የማስጠኛ ተቋማት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ ተከልክለዋል፤ ቻይናም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዋና ዋና ትምህርቶች ለትርፍ ማስጠናትን አግዳለች።

ወይዘሮዋም ቢሆኑ እስከ መጨረሻው አልጸኑም። ታናሺቱ ልጅ በ13 ዓመቷ በሞስኮ ምግብ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሰብራ አመፀች፤ እናቲቱም ተሸንፈው ቫዮሊኑን እንድትቀንስና ቴኒስ እንድትጫወት ፈቀዱላት። መጽሐፉን ለሶዶ መምህራን የማነብ ብሆን ከዚህ ምዕራፍ እጀምር ነበር።