የተፈረመበት የወንጀል ልብ ወለድ ሲመረጥ

የወንጀል ልብ ወለድ ከሌላው ልብ ወለድ ቀድሞ ያረጃል። ገዳዩ ከታወቀ፣ ሰላዩ ከተያዘ፣ የጠፋው ገንዘብ ከተገኘ በኋላ አብዛኛው አንባቢ መጽሐፉን ለሰው ያውሳል፤ ሳይመለስለት ቢቀርም አይጠይቅም። ደራሲው የፈረመበትን ቅጂ ገዝቶ ለልጆቹ ሊያቆይ ያሰበ ሰው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ቢይዝ በእጁ ያለው ፊርማ ብቻ ነው። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ያሉ መጽሐፍ ወዳጆች «የቱን ልያዝ?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ መጨረሻውን እያወቃችሁት ደግማችሁ የምታነቡትን ያዙ። ፊርማው ከዚያ በኋላ ይታያል።

ደግሞ የሚያስነብበው ምንድን ነው? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጉራጌ ተወላጁ ደራሲ ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን የጻፉት በቸሃ ነው፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ሥር ወጣ። ከአገራችን የወንጀል ልብ ወለዶች ሁሉ ፊት የማስቀምጠው ይህንን ነው። ናማጋ የሚባል ሰው ጎጆው በሌሊት ይቃጠልበታል፣ ገንዘቡም ይሰረቃል። ካፖርት ደርቦ አጉሊ መነጽር ይዞ የሚመጣ መርማሪ የለም። የሚመረምረው አገሩ ራሱ ነው። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ያየውንና የሰማውን ይጠየቃል፣ ነገሩ ካልጠራ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ስብሰባው በተደጋገመ ቁጥር «ሌባው ማን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ቀስ እያለ ቦታውን ለሌላ ይለቃል፤ ሰው በጎረቤቱ ላይ መመስከር ምን ያስከፍለዋል? መጨረሻውን ላላነበበ አልናገርም። ለሚያውቀው ግን መጽሐፉ አያልቅበትም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ጥያቄ ወንጀለኛው ቢያዝም ባይያዝም እንዳለ ይቆያል። አዲስ የወንጀል ልብ ወለድ ባነሳሁ ቁጥር የምፈልገው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ቀጥዬ የማየው ቦታውን ነው። ብዙ አዳዲስ ልብ አንጠልጣዮች ቦሌ ላይ ይጀምሩና ዋሽንግተን ይደርሳሉ፤ በመሐል አንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ላይ ሬሳ ይጥላሉ። የከተማዋን ስም ብንቀይረው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አይናጋም። ይህ መናቅ ነው፤ ያንን ከተማ ለሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን እዚያው ይገድለዋል። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ 130 ገደማ ላይ። በመካከላቸው የጉራጌ ደጋ ተጋድሟል። ከወልቂጤ የሸሸ ተጠርጣሪ አሳዳጁ ቡናውን ሳይጨርስ ቡታጅራ ከታየ ደራሲው ካርታም አላየም ማለት ነው።

የገጠሩ መንደር ደግሞ ከከተማው ይበልጥ ለደራሲ የሚመች ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀፎረን ያየ ያውቀዋል፤ ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው፣ ሣር የለበሰው ሰፊ የጋራ ሜዳ። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ለቅሶውም ሠርጉም እዚያ ነው። በጀፎረ የሚያልፍ እንግዳ ከግራም ከቀኝም ደጃፍ ይታያል፤ የማን ዘመድ እንደሆነም ሳይርቅ ይወራል። ከቤቱ ጀርባ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው እንሰት ቅጠሉ በቅጠል ተደራርቦ ቀትር ላይ እንኳ ያጠላል፤ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድም እዚያው አፈር ውስጥ ነው። ፊቱ ለመንደሩ ሁሉ የተገለጠ፣ ጓሮው የተሸፈነ ቤት! ለወንጀል ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል? እንግዳው በጀፎረ ሲገባ ሁሉም አይቶታል፤ ሲወጣ ያየው የለም። ቆጮው ሳይደርስ ጉድጓዱ የተከፈተው ለምንድን ነው? ይህን የምትጠይቀው የቤቱ እመቤት እንጂ ከከተማ የመጣው ኢንስፔክተር አይደለም፤ ቆጮ መቼ እንደሚወጣ የምታውቀው እሷ ናት። ማስረጃን ከኑሮው ውስጥ እንዲህ አድርጎ የሚያወጣ ደራሲ ካጋጠማችሁ፣ ስሙ ገና ያልታወቀ ቢሆንም መጽሐፉን አስፈርሙ።

ሌላው ሕጉን ማወቅ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ሕገ መንግሥቱም፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛሉ። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓቱ መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰዓት እየቆጠረለት ደራሲ ውጥረት ከየት ላምጣ ብሎ ይጨነቃል? መርማሪው ምስክር ፍለጋ ገጠር ሲዞር ሁለተኛው ቀን እየመሸ ነው፤ ነገ ዳኛው ፊት ባዶ መዝገብ ይዞ ይቆማል። ተጠርጣሪው ወር ሙሉ ጣቢያ ተቀምጦ ጊዜ ቀጠሮ የሚል ቃል የማይነሳበትን ልብ ወለድ እመልሰዋለሁ። ሕግ ሲጣስ ማሳየት ሌላ ነገር ነው፤ መጣሱን ደራሲው አውቆ ከጻፈው ራሱ ታሪክ ይሆናል።

ፍንጭ አሰጣጡን በሁለተኛ ንባብ ብቻ መመዘን ይቻላል። አጋታ ክሪስቲ በ1926 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የሮጀር አክሮይድ ግድያ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው አንባቢን ስላታለለ ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ ላነበበው ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ተጽፎ ስለሚያገኘው ነው። በእኛ ዘንድ የተለመደው ድክመት ተቃራኒው ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ያልታወቀ ወንድም ከውጭ አገር ይመጣል፣ ወይም የሟች ደብዳቤ ከሣጥን ይወጣል፣ ነገሩ ተፈታ ይባላል። መጽሐፉን ጨርሳችሁ ስታበቁ ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ተመለሱ። ፍንጩ እዚያ ከሌለ ደራሲው ዕዳ አለበት።

በአማርኛ የስለላን ወሬ ለብዙ አንባቢ ያደረሰው ማሞ ውድነህ ነው፤ በትርጉሞቹ አንድ ሙሉ ትውልድ ማንበብ ለምዷል። ለሰብሳቢ ግን ትልቁ ስም በዓሉ ግርማ፣ ትልቁ መጽሐፍም «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው የሚይዘው ለዚህ ታሪክ ብሎ ቢሆንም መጽሐፉ በራሱ ይቆማል። የሚተርከው የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ እንዴት እንዳበቃ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ያም ሆኖ ጋዜጠኛው ፀጋዬ አሥመራ ገብቶ ከፊያሜታ ጋር ከተገናኘ በኋላ ገጹን ማቆም አይቻልም። ከቅርቦቹ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በተደጋጋሚ ታትሟል። ፍጥነቱንና ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ሁለተኛ ሲነበብ ግን ሰዎቹ ሁሉ ሊቅ፣ ሁሉም ንግግር አዋቂ መሆናቸው ይሰማል። ቢሆንም የንባብ ታሪካችን አካል ነውና አንደኛ እትሙን ተፈርሞ ያገኘ አይልቀቀው።

አሁን ወደ ቅጂው። መጀመሪያ የሚከፈተው የመብት ገጽ ነው። «አንደኛ እትም» የሚለው ከዓመቱና ከማተሚያ ቤቱ ስም ጋር መጻፉ ይታይ፤ ዓመቱ የእኛ ይሁን የአውሮፓ መለየት አለበት፣ የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት ብዙ ሰው አሳስቷል። ቀጥሎ የጀርባው ሽፋን፤ እኛ ዘንድ ዋጋ የሚታተመው እዚያ ነው። ዋጋው ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ከሆነ አትንቀሉት፣ ብርሃን ላይ ይዛችሁ ከሥሩ ያለውን አንብቡ። አንደኛ እትም ነው የተባለ የቆየ መጽሐፍ የዘንድሮ ዋጋ ከታተመበት ነገሩ አልቋል። ያለፈቃድ የተባዛ ቅጂ በፊደሉ ይታወቃል፤ ከታተመው መጽሐፍ ላይ ተነሥቶ የተገለበጠ ስለሆነ የ«ጨ»ና የ«ኘ» ቀጫጭን ጭረቶች ይደፈናሉ፣ የሽፋኑ ፎቶግራፍ ይደበዝዛል፣ ኅዳጉም በአንድ በኩል ይጠባል። የደራሲ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፤ እንዲህ ያለው ቅጂ ላይ ፊርማ ቢኖር እንኳ ከደራሲው ኪስ የወጣ ነውና አልይዘውም።

ፊርማው በዓይንም በጣትም ይመረመራል። በእስክሪብቶ የተፈረመ ገጽ ሲገለበጥ ከጀርባው ጉብ ጉብ ይላል፤ በተለይ ተራው ሳሳ ያለ ወረቀት ላይ በጣት ይሰማል። የታተመ ወይም በማኅተም የተመታ ፊርማ ለስላሳ ነው። መስመሩን በቅርብ ስታዩት እጅ የፈጠነበትና የዘገየበት ቦታ ቀለሙ ይለያያል፤ ሰው አይቶ የቀዳው ፊርማ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል የወፈረና የሚንቀጠቀጥ ነው። አንዳንድ የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ላይ የሚገኘው የደራሲው ማኅተም ቅጂው እንዳይሰረቅ የተመታ ነው፤ የሚወደድ ነገር ቢሆንም ፊርማ ብሎ መሸጥ ተገቢ አይደለም። ውጭ አገር ደግሞ ደራሲው ባዶ ወረቀቶች ላይ ፈርሞ ይልክና አታሚው ከመጽሐፉ ጋር ይጠርዘዋል። የተፈረሙ አንደኛ እትሞችን በመሸጥ የታወቀው የለንደኑ ጎልድስቦሮ መጻሕፍት ቤት ባለበት አገር ይህ የተለመደ ነው። ሐሰት የለውም፤ ግን ደራሲው ያንን መጽሐፍ በእጁ አልነካውም። በአርዕስቱ ገጽ ላይ በቀጥታ የተፈረመውን አስበልጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ቀኑን አገናዝቡ። «ኦሮማይ» ላይ የበዓሉ እውነተኛ ፊርማ ሊኖር የሚችለው መጽሐፉ ከወጣበት ከ1975 እስከ የካቲት 1976 ባለው አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ በታተመ ቅጂ ላይ «በዓሉ ግርማ» ተብሎ ተፈርሞ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ዴቪድ ደጉስታና መስፍን ፈለቀ ይርጉ የተረጎሙት እንግሊዝኛው እትም በ2025 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ እሱን በተርጓሚዎቹ ማስፈረም ደስ የሚል ነገር ነው፣ የተርጓሚ ፊርማ መሆኑ እስከተነገረ ድረስ።

የደራስያን ምርቃት የሚበዛው አዲስ አበባ ነው፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ያለ ሰብሳቢ በዘመድ መላክ ግድ ይሆንበታል። ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ሰው ብዙ ስለሆነ ከነሐሴ ጀምሮ መንገር ጥሩ ነው። ለሚያስፈርምላችሁ ሰው ሙሉ ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ደራሲው ስማችሁን፣ ቀኑንና ቦታውን በገዛ እጁ ይጻፍላችሁ፤ «መልካም ንባብ» ብቻ ተብሎበት የስሙ ቦታ ባዶ የቀረ ቅጂ ነገ ማንም የፈለገውን ስም ሊሞላበት ይችላል። ለነጋዴ ስም የሌለበት ይሻላል ይባላል፤ እኔ ግን ለማን፣ የት፣ መቼ እንደተፈረመ የሚናገረውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እነዚህ ሦስቱ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሊገናዘቡ ይችላሉ። መጽሐፉ እጃችሁ ሲገባ የመግቢያ ካርዱን ወይም የገዛችሁበትን ደረሰኝ ከመጨረሻው ገጽና ከሽፋኑ መካከል አኑሩት፤ በስፒል አታያይዙት፣ ይዝግና ወረቀቱን ይበላዋል።