የብር ቀለበት ሥራ እንዴት ይመዘናል

በእጅ የተሠራ የብር ቀለበት ጥራቱ ከፊቱ ይልቅ በውስጡ ይታወቃል። ፊቱን ሞረድና መወልወያ ያሳምሩታል፤ ጣት የሚነካውን ገጽ ግን ተጠንቅቆ የሚጨርሰው ሙያውን የሚያከብር አንጥረኛ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ብሩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ሸዋ ያስገባው የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር፣ መገበያያ ብቻ ሳይሆን የአንጥረኛውም ጥሬ ዕቃ ነበር። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ ጉድለት አይደለም፤ ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጣመማል። ኒኬል እየተባለ የሚሸጠው ነጭ ቅይጥ ግን መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም፤ በመጠን እኩል ከሆነ የብሩ ቀለበት ይከብዳል። በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ብቅ ካለ፣ ብሩ ቅብ ብቻ ነው።

ቀጥሎ መጋጠሚያው ይፈተሻል፤ ዋናው የሙያ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ተቀጥቅጦ የታጠፈ ብር ሁለቱ ጫፎቹ ያለ ክፍተት ከተገናኙ፣ ብየዳው እንደ ፀጉር ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። ሰፊ፣ ግራጫ መስመር የሚታይ ከሆነ ቸኩሎ የተሠራ ነው፤ በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደውማ ቆይቶ ይላቀቃል፣ ለጥገና እሳት ሲነካውም ብሩን ይበላዋል። ብር በተቀጠቀጠ ቁጥር ስለሚደርቅ እየደጋገሙ በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ አንጥረኛ ሥራው ጠርዙ ላይ በሚታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይጋለጣል።

በጌጡ ላይ የሚደረደሩት ትናንሽ የብር ፍሬዎች በራሳቸው ትዕግሥት የሚጠይቁ ናቸው። እኩል የተቆረጠ የብር ቁራጭ ከሰል ላይ ሲቀልጥ ራሱ ይድቦለቦላል። በጥሩ ሥራ ፍሬዎቹ እኩል ናቸው፤ እያንዳንዱም ከሥሩ ብቻ ተይዞ ዙሪያው ጎልቶ ይታያል። ብየዳ ሲበዛ ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሞላና ጌጡ አንድ ጉብታ ይመስላል።

በመጨረሻ ቀለበቱ በጣት ይለካል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ጣት በሙቀት ስለሚያብጥ፣ በማለዳ ልክ የሆነው ከቀትር በኋላ ሊጠብ ይችላልና ሁለቱንም ጊዜ መሞከር ይሻላል።