ስለ «ማሺኒማ» ስያሜና ስለ ግሡ

የቪዲዮ ጨዋታ ሶፍትዌርን የፊልም መሥሪያ በማድረግ የሚዘጋጀው አጭር ፊልም በእንግሊዝኛ «ማሺኒማ» ይባላል። ቃሉ ከ«ማሽን»ና ከ«ሲኒማ» ተዳቅሎ የተፈጠረ ሲሆን የዛሬ መልኩን ያገኘው በፊደል ግድፈት ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጨዋታ ፊልም» ቢባል አንባቢው ቀልድ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ቃሉን እንዳለ መውሰዱን እንመርጣለን።

የሚያከራክረው ግን ስሙ ሳይሆን ግሡ ነው። በአማርኛ ፊልም «ይነሣል» ወይም «ይቀረጻል»። እ.ኤ.አ. በ1996 «ኩዌክ» በተባለው ጨዋታ የተሠራውና ከዘርፉ ቀዳሚ ሥራዎች የሚቈጠረው «ዳያሪ ኦቭ ኤ ካምፐር» ግን አልተነሣም፣ አልተቀረጸምም። በፋይሉ የተቀመጠው ሥዕል ሳይሆን የተጫዋቾቹ ቦታና እንቅስቃሴ ነው፤ ሥዕሉን በተመልካቹ ዘንድ እንደገና የሚሥለው ራሱ ጨዋታው ነው። ጨዋታው የሌለው ሰው ፋይሉን ቢያገኝም የሚያየው ነገር አልነበረም። ለዚህ ዐይነቱ «መዘገበ» የሚለው ግሥ ይስማማዋል እንላለን፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደ ጀመረው እንደ «ሬድ ቨርስስ ብሉ» በቪዲዮ ለተሠራጨው ግን «ቀረጸ» ይበቃዋል።

ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላው የ1996ቱ ሥራ ታሪኩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዋጋው የተመልካቹን ዐይን ከተጫዋቹ ዐይን መለየቱ ነው። በርእሱ ያለው «ካምፐር» ደግሞ ድንኳን ተክሎ የሚያድር አይደለም፤ አንድ ስፍራ ተሸሽጎ አላፊውን የሚገድል ተጫዋች ነው። አማርኛ ለዚህ «አድፋጭ» የሚል ቃል አለው፤ ተርጓሚው «የአድፋጭ የዕለት ማስታወሻ» ቢል ሌላ ቃል መዋስ አያሻውም።