ጉሎን ነቅሎ ጤና አዳም መትከል
እስራኤል ውስጥ በቂርያት ጋት ከእኛው የኢትዮጵያ ሰው ጋር ስለ ግቢ ተክል ሳወራ ክርክር የሚያስነሳው ጉሎ ነው። እናቶቻችን ምጣድ ያሰሱበትን ተክል «ወራሪ ነውና ይነቀል» ሲባል ማን ይወዳል? ዕብራይስጡ ኪካዮን ስለሚለው፣ ዮናስን ያስጠለለው እሱ ነው ብለው የሚሟገቱም አሉ። ይሁን፤ ግን የዘር አገሩ ምሥራቅ አፍሪካ ነው፣ እዚህ ባለሙያዎቹ ከወራሪዎች ይመድቡታል። ፍሬው ሲደርቅ እየፈነዳ ዘሩን ይረጫል። ዘሩ ደግሞ መርዛማ ስለሆነ ልጅ ባለበት ግቢ አላስቀረውም።

ከአገር ቤት የመጣ የሚመስለን ጤና አዳም ግን በእስራኤል ድንጋያማ ኮረብታዎች ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ቁርቁራም በሁለቱም አገር አገር በቀል ነው። ስለዚህ የሚነቀለውንና የሚተከለውን ናፍቆት ሊመርጥልን አይችልም።

ጉሎ ቡቃያ ሳለ በእጅ ይወጣል። አስቸጋሪው ሳሊግና ነው፤ በኢትዮጵያም ለማገዶና ለአፈር ጥበቃ የተተከለው የአውስትራሊያ ግራር። ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ እሳት ካለፈበት መሬት ደግሞ ተኝቶ የከረመው ዘር እንደ ጤፍ ቡቃያ ጥቅጥቅ ብሎ ይነሳል። ባለሙያ ግንዱን ዙሪያውን በመሰርሰሪያ በስቶ፣ ሳይዘገይ ግላይፎሴት የተባለ ፀረ አረም ይሞላበታል። ትልቅ ዛፍ ከመንካት በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ ነው።

አፈር ውስጥ የቀረውን ዘር የምታጠፋልን ፀሐይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪው ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ እዚሁ እስራኤል ያዳበሩት ዘዴ ቀላል ነው፤ መሬቱን ጥሩ አድርጎ ማጠጣት፣ በሐምሌና በነሐሴ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ መሸፈን፣ ከወር በላይ መተው። ውኃውን የሚዘሉ ሰዎች ላስቲካቸውን በከንቱ ያባክናሉ፤ ደረቅ ዘር ሙቀትን ይችላል።

የአገር ቤት ልማድ የሚያሳስተው በመትከያው ወቅት ነው። እዚያ ችግኝ በሐምሌ ይተከላል፤ ቂርያት ጋት ግን ሐምሌ ጠብታ የለውም፣ ዝናቡ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በበጋ አጽድቶ ሸፍኖ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው መትከል ያዋጣል። ባዶ ከተተወ ወራሪው ይመለሳል። አገር በቀሉም ቢሆን የመጀመሪያውን በጋ ያለ ውኃ አይዘልቅም፤ «የአገሩ ስለሆነ ራሱን ይችላል» የሚሉትን አትስሟቸው።

ጤና አዳም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል። በየሰባተኛው ዓመት መሬት የምታርፍበትን ሽሚታ የምታከብሩ ደግሞ ልብ በሉ፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2028 ይገባልና ከዚያ በፊት ያለው የመጨረሻ የመትከያ ዝናብ በ2027 መጨረሻ የሚጀምረው ነው።