የባልንጀራ ፍርድ፤ ስለ ሉቃስ ማኅበር ሠዓልያን

የሥዕል ተማሪ ሥራውን በሰው ፊት ባቀረበ ጊዜ ሦስት ፈራጆች ይቆሙበታል፤ እነርሱም መምህሩ፥ ባልንጀሮቹና ሕዝቡ ናቸው። መምህር በሕጉ ይፈርዳል፤ ሕዝብ እንደ ወደደው ይፈርዳል፤ ባልንጀራ ግን ያንኑ ድካም የደከመ ስለ ሆነ የጉድለቱን ስፍራ ያውቃል። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን በጓደኞቹ ፊት ሲናገር የሚፈራው ስለዚህ ነው። ይህ ፍርድ ምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚያሰናክል ለመመርመር፥ በቪዬና የሥዕል ትምህርት ቤት የነበሩትን የስድስት ወጣቶች ታሪክ መመልከት ይገባል።

ፍሪድሪክ ኦቨርቤክና ፍራንትስ ፕፎር ከአራት ጓደኞቻቸው ጋራ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. አንድ ማኅበር አቆሙ። ወንጌላዊው ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል እንደ ሣለ ከአበው ሲነገር የመጣ ነውና ማኅበሩን በስሙ ጠሩት። ትምህርት ቤቱ የጥንት ሐውልቶችን ቅርጽ መቅዳትን አብዝቶ ያስተምር ነበር፤ እነርሱ ግን እጅ ሠልጥኖ ልብ ባዶ መቅረቱን ጠሉ። በየጊዜው እየተሰበሰቡ እያንዳንዱ ሥራውን በመካከል ያኖር ነበር፤ ሌሎቹም ይመረምሩታል። የተመሰገነውም ሥዕል በጀርባው የማኅበሩ ምልክት ይደረግበት ነበር፤ በምልክቱም ላይ የቅዱስ ሉቃስ መልክና «እውነት» የሚለው የጀርመን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነበረበት። ምልክቱ ከሥዕሉ በስተኋላ መሆኑ ያስመሰግናቸዋል፤ ለሠሪው ምስክር እንጂ በተመልካች ፊት መመኪያ አልነበረምና።

በ1810 ከእነርሱ አራቱ ወደ ሮማ ሄደው በቅዱስ ኢሲዶሮስ ገዳም ተቀመጡ። ፕፎር በ1812 በ24 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሌሎች ግን ወደ ማኅበሩ ተጨመሩ። ከ1816 እስከ 1817 ኦቨርቤክ፥ ኮርኔልዩስ፥ ፋይትና ሻዶ በፕሩሲያው ቆንስል በባርቶልዲ ቤት፥ በአንድ ክፍል ግድግዳ፥ በእርጥብ ልስን ላይ የዮሴፍን ታሪክ ሣሉ። የማኅበሩ መልካም ፍሬ የታየው በዚህ ክፍል ነው፤ ታሪኩ አንድ ሲሆን እጁ አራት ነውና። ኦቨርቤክ የዮሴፍን መሸጥ በጸጥታና በየዋህነት ያሳያል፤ ኮርኔልዩስ ግን ዮሴፍ ለወንድሞቹ ራሱን ሲገልጥና ብንያምን ሲያቅፍ በብርቱ መሥመር ይሥላል። ጐን ለጐን መቆማቸው አንዱን በሌላው አልሸፈነውም፤ ይልቁንም የእያንዳንዱን ጠባይ ገለጠው። እነዚህ ሥዕሎች ከግድግዳው ተነሥተው ዛሬ በበርሊን ይገኛሉ።

በ1819 ግን የኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ፍራንሲስ ሮማን በጐበኙ ጊዜ፥ በሮማ የነበሩት የጀርመን ሠዓልያን በካፋሬሊ ቤተ መንግሥት ሥራቸውን በአንድነት አቀረቡ። በዚያን ጊዜ ብርቱ ነቀፋ አገኛቸው፤ ፍሪድሪክ ሽሌግልም ስለ እነርሱ ተከራክሮ ጻፈ። ነቃፊዎቹ በሁሉ አልተሳሳቱም። ወጣቶቹ ሐውልትን ከመቅዳት ሸሽተው የጥንቶቹን የኢጣልያና የጀርመን ሠዓልያን መልክ ወደ መከተል አዘንብለው ነበር። ከመካከላቸው ይህን አይቶ የሚገሥጽ ለምን ታጣ ቢባል፥ ሁሉም አንድ ነገር የወደዱ ስለ ሆነ ነው፤ የጋራ ፍቅር የጋራ ጉድለትን ይሸፍናልና። ስለዚህ ባልንጀራ የማያየውን የሚያይ ሦስተኛው ፈራጅ፥ ቃሉ ቢመርም፥ ያስፈልጋል።

ኦቨርቤክና ፕፎር አንዱ ለአንዱ ስለ ወዳጅነታቸው ሥዕል ሊሥሉ ተስማምተው ነበር። ፕፎር ድርሻውን በ1811 ፈጸመ፤ ኦቨርቤክ ግን የራሱን የፈጸመው ወዳጁ ካረፈ ከ16 ዓመት በኋላ በ1828 ነው። በዚህ ሥዕል ኢጣልያና ጀርመን በሁለት ሴቶች አምሳል እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል፤ አንዲቱ ጠጕረ ጥቁር፥ ሁለተኛይቱ ጠጕረ ወርቅ ናት፤ አንዲቱም ሌላይቱን ልትመስል አትጥርም። ሥራውን ከባልንጀሮቹ ጋራ ለሕዝብ የሚያቀርብ ተማሪ ይህን ሥዕል ቢመለከት፥ አንድነትን ሳይንቅ የራሱን እጅ መጠበቅ እንደሚችል ይማርበታል።