ከባድ መጽሐፍ፣ ቀላል መጽሐፍ፦ የልብ ወለድ ዘውጎች ከሽንፋ ሲታዩ

በአማርኛ ልብ ወለድ ንባብ ማንም ሳይደነግገው እንደ ሕግ የሚሠራበት አንድ አከፋፈል አለ። ታሪካዊውና ማኅበራዊው ልብ ወለድ «ቁም ነገር» ይባላል፤ የፍቅሩ፣ የስለላው፣ የወንጀል ምርመራውና የጀብዱው ግን «ጊዜ ማሳለፊያ» ነው። መምህሩ ለተማሪው የሚመርጥለት የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን ተማሪው ራሱ ይመርጥና ከደብተሩ ሥር ሸሽጎ ያነበዋል። ሐያስያንም ብዕራቸውን የሚያነሡት ለመጀመሪያው ሲሆን፣ ለሁለተኛው አንዲት የንቀት ዐረፍተ ነገር ትበቃዋለች። ይህ የሥነ ጽሑፍ ሚዛን ነው ወይስ የልማድ? ጥያቄው የመጻሕፍት መደብር በበዛበት በአዲስ አበባ ሲነሣ የጣዕም ጉዳይ ይመስላል። ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ተመርጠው በሚደርሱበት ዳር አገር ግን ምርጫው ክብደት ያገኛል፤ ከመደርደሪያው የቀረ መጽሐፍ በዚያ ላለው ልጅ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ስለዚህ ነገሩን ከሽንፋ ተነሥቶ ማየት ይጠቅማል። ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ በኩል የምትገኝ ስትሆን ስሟን የምትጋራው ወንዝ ሱዳን ሲገባ ረሃድ ተብሎ ከጥቁር ዓባይ ይቀላቀላል። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ብዙ ወጣት ማጭዱን ይዞ ይወርዳል፤ ወባና ካላ አዛር እዚያው ይጠብቁታል። አማራው፣ ጉሙዙና ቅማንቱ ይኖሩበታል፤ በድንበሩ ገበያ አማርኛና ዐረብኛ ይቀላቀላሉ። በዚህ አገር ተቀምጦ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው አገሩን በየትኛው መጽሐፍ፣ በምን መልክ ያገኘዋል?

የዚህ ቆላ ስም ለአንባቢ የሚደርሰው በዋናነት በታሪክ በኩል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎረቤቱ ቋራ የካሣ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አገር ነው። ካሣ የሸፈቱት በዚሁ በረሃ ነው፤ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ገጥመው በመድፍ የተሸነፉትም በዚሁ ድንበር በኩል ወርደው ነው። ከዚያ አርባ አንድ ዓመት ቆይቶ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉትና ለሞት የበቁት መተማ ላይ ነው። ጎንደር የተወለዱት ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፣ የጎጃሙ አቤ ጉበኛ ደግሞ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. ለአንባቢ ሲያቀርቡ የቋራው ሰው ከዜና መዋዕል ወጥቶ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ሆነ። ሁለቱ ደራስያን በሦስት ዓመት ልዩነት በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። የዘመኑ አንባቢ ለራሱ ጊዜ የሚሆን ጥያቄ ነበረው፤ መልሱን የፈለገው ግን መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነው።

ታሪካዊ ልብ ወለድ አንባቢውን የሚይዘው «መጨረሻው ምን ይሆን?» በሚለው ጥያቄ አይደለም። የቴዎድሮስን ታሪክ የሚያነብ ሰው ገና ከመጀመሪያው ገጽ መቅደላን ያውቃል፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከፊቱ ተቀምጣለች። የሚያስነብበው «እንዴት ከዚህ ደረሰ? ማን ከዳው? የቱ ላይ ተሳሳተ?» የሚለው ነው። በመድረክም ሥራው ያው ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በየጊዜያቸው ቴዎድሮስን ለተውኔት አብቅተዋል፤ መጨረሻውን አስቀድሜ ስላወቅሁት የቲያትር ገንዘቤ ይመለስልኝ ያለ ተመልካች አልተሰማም።

እንግዲህ ይህን አሠራር ከናቁት ዘውግ ጎን አስቀምጦ ማየት ነው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የሚጀምረው ከሬሳው ነው። ሰውዬው ሞቷል፤ ሞቱ የታወቀ ነው፤ ቀሪው ገጽ ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለሰ «ማን? እንዴት? ለምን?» እያለ ይመረምራል። በቅርጽ ረገድ የቴዎድሮስ ልብ ወለድና የመርማሪው ልብ ወለድ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከታወቀ ሞት ይነሣሉ፤ ሁለቱም አንባቢውን ዳኛ አድርገው ያስቀምጡታል። የሚለያዩት በሟቹ ማዕረግ ነው። ንጉሥ የሞተበትን ከባድ፣ ነጋዴ የሞተበትን ቀላል የሚያሰኘው የሥነ ጽሑፍ ሕግ ሳይሆን የቀብር ሥነ ሥርዓት ነው።

ይህ ማለት ሁሉም እኩል ነው ማለት አይደለም። በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ይልማ ሀብተየስ፣ በስለላ መጻሕፍት ትርጉም ማሞ ውድነህ ሰፊ አንባቢ አፍርተዋል፤ ከእነሱ ጎን ግን በጥድፊያ የተሠራ፣ ሽጉጡ ከሰውየው በላይ የሚናገርበት ሥራም ሞልቷል። የታሪካዊው ልብ ወለድም ጉድፍ ያንኑ ያህል ነው፤ ጀግናው ሲያነጥስ እንኳ ስለ አገር አንድነት የሚያነጥስበት መጽሐፍ ጥቂት አይደለም። ደካማ መጽሐፍ በየዘውጉ አለ። ዘውጉ ግን በጥሩ እጅ ሲገባ የየራሱን ትምህርት ይሰጣል። የወንጀል ምርመራው የሚያስተምረው ማስረጃ መመዘንን ነው፦ ማን አየ? ማን ሰማሁ ብቻ አለ? ነገሩ የጠቀመው ማንን ነው? ወሬ ከጭነት መኪና ቀድሞ ድንበር በሚሻገርበት፣ አንድ ያልተጣራ ቃል መንደርን ከመንደር ሊያጋጭ በሚችልበት ቆላ ይህ ትምህርት ጊዜ ማሳለፊያ ሊባል አይችልም።

የፍቅር ልብ ወለድ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ከአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ ቁንጮ ነው የሚባለው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከርእሱ ጀምሮ የፍቅር መጽሐፍ ነው። በክፍል ውስጥ ሲተነተን ግን ፍቅሩ ወደ ጎን ይገፋና የፊታውራሪ መሸሻ ግፍ፣ የጉዱ ካሣ ሂስ፣ የገበሬው አመፅ ብቻ ይወሳል። ይህ ንባብ ስሕተት ባይሆንም ግማሽ ነው። የሥርዐቱ ክፋት በአንባቢው አጥንት ውስጥ የሚገባው በዛብህና ሰብለ ወንጌል ስለሚዋደዱ ነው፤ ፍቅሩ ቢነሣ የጉዱ ካሣ ንግግር የስብሰባ ንግግር ሆኖ ይቀር ነበር። መጽሐፉ ከዚያም ሌላ ጀብዱን አልናቀም። ሰብለ መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ መንገድ ስትገባ አንባቢውን የያዘው ትንፋሽ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» አንባቢ ከያዘው ትንፋሽ የተለየ አይደለም። በዚያም ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በወንድ ስም ተሰውራ፣ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ዘውጉ እስከ ዛሬ በዚሁ ርእስ ይጠራል፤ የአማርኛ ልብ ወለድ አባት ራሱ የጀብዱና የፍቅር መጽሐፍ መሆኑ ግን እንደ ቤተሰብ ምሥጢር ይሸፈናል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው አድማጭ ጭምር በየሬዲዮው ዙሪያ የተሰበሰበው ሂሱን ሊተነትን ሳይሆን ሰብለ ትደርስ እንደሆነ ሊሰማ ነበር። ሂሱንም የሰማው በዚያው ጆሮው ነው።

መጽሐፍን በአንድ ዘውግ ብቻ አንብቦ መፍረድ ከንባብ ጉድለት አልፎ ወደ ሌላ ጉድለት ሊያደርስ ይችላል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ። በአንድ ፊቱ በኤርትራ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዘገባ ነው፤ በሌላ ፊቱ የጋዜጠኛው የጸጋዬና የፊያሜታ የፍቅር ታሪክ፤ በሦስተኛው ፊቱ ማን ከማን ጋር እንደሆነ የማይለይበት የአሥመራ የስለላ ታሪክ። ሦስቱ ተፋትለው ነው አንድ መጽሐፍ የሆኑት። ፍቅሩ ለዘገባው ዋጋ ይተምንለታል፤ ስለላው ፍቅሩን ይመርዘዋል፤ ዘገባው ሁለቱንም ከቀን መቁጠሪያ ጋር ያስራቸዋል። የጊዜው ባለ ሥልጣናት ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ አነበቡ። ዘገባውን አንብበው «ይህ እገሌ ነው፣ ያ እገሌ ነው» አሉ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጡ ቀሩ። ልብ ወለድን እንደ ክስ መዝገብ የሚያነብ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው ተከሳሽን ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ንባብም ተካሂዷል። ነቢይ መኰንን በማዕከላዊ ታስረው ሳሉ የማርጋሬት ሚቸልን ረዥም የፍቅርና የጦርነት ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፉ ተረጎሙት፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉ በአገሩ በአሜሪካ ተወዳጅ እንጂ ከባድ አይባልም፤ ለጥቁሮች ባለው አመለካከትም በትክክል ይወቀሳል። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ስለ አንዲት እልኸኛ ሴት፣ ስለ ተቃጠለ ቤትና ስለ ረኀብ የተጻፈው ታሪክ እስር ቤት ውስጥ በሰው እጅ ተገልብጦ የሚነበብ ሆነ። መደርደሪያውን «ቁም ነገር» እና «ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ የሚከፍል ሰው ይህን መጽሐፍ ከየትኛው ወገን እንደሚያኖረው ቢነግረን በተጠቀምን።

በሌላ ጫፍ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) አለ። ይህ በርግጥ ከባድ ነው። ክብደቱ ግን ከርእሰ ጉዳዩ ሳይሆን ከአተራረኩ ነው፤ ተናጋሪው ሳይነገር ይለወጣል፣ ጊዜው ይሰበራል፣ አንባቢው የራሱን መንገድ እንዲጠርግ ይተዋል። በፍቅርና በምርመራ ልብ ወለድ ዐይኑን ያፍታታ ተማሪ ከዚህ መጽሐፍ ሲደርስ ይታገለዋል። ከዚህ የጀመረ ተማሪ ብዙውን ጊዜ እዚሁ ያቆማል። ይህን የሚያውቀው ከሐያሲ ይልቅ መምህር ነው።

ወደ ሽንፋ እንመለስ። ታሪካዊው ልብ ወለድ ለቆላው ትልቅ ውለታ ውሎለታል፤ ያለ እሱ ቋራና መተማ ለደጋው አንባቢ ባዳ ይሆኑ ነበር። ነገር ግን ዘውጉ በባሕርዩ ጀግናውን ተከትሎ ይሄዳል። ካሣ ወደ ጎንደር ሲወጣ ትረካውም አብሮት ይወጣል፤ ቆላው ባዶ መድረክ ሆኖ ይቀራል። ወጣቱ ሽፍታ ያገኙትን ገንዘብ ለገበሬ ለእርሻ መሣሪያ መግዣ እንዳከፋፈሉ ታሪክ ጸሐፊዎች ያነሣሉ። ያ መሣሪያውን የገዛው ገበሬ ማን ነበር? ሚስቱስ ስለዚያ ገንዘብ ምን አለች? ብርሃኑ ዘርይሁን በኋላ ለሌላው የቴዎድሮስ ዘመን ልብ ወለዳቸው «የታንጉት ምሥጢር» የሚል፣ ከንጉሥ ሳይሆን ከሴት ስም የተወሰደ ርእስ መስጠታቸው ወደዚህ አቅጣጫ የተራመደ እርምጃ ነበር።

ለሌሎቹ ዘውጎች የሚሆን ነገር በዚህ ቆላ ተትረፍርፏል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1862 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚህ ድንበር ሲያልፍ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው እዚያው የቀሩትን ተክሩሮች በገላባት አግኝቷቸዋል፤ የአንድ ምእመን ጉዞ ከናይጄሪያ ተነሥቶ መተማ ገበያ ላይ የሚያልቅበት ታሪክ ለጀብዱ ልብ ወለድ የቀረበ ስጦታ ነው። ከዚያም እጅግ ይርቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ሳይንሳዊ ጥናት በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እንደ ቀስት ጫፍ ያሉ ትናንሽ የድንጋይ ስለቶችን እየሠሩ፣ በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወደ ፊት ብቻ መብረር የለበትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል ስደተኛ ገባ፤ ከእሱ ጋር የስለላውም፣ የፍቅሩም፣ የማኅበራዊውም ልብ ወለድ ጥሬ ዕቃ ገባ።

ከሁሉ ይልቅ ዘውግ የሚጠብቀው ያ ከደጋ የወረደው ሰሊጥ አጫጅ ነው። ወቅቱ ራሱ ሴራ ይሰጠዋል፦ ሰሊጥ ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ይቸኩላል፣ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። ደላላው አለ፤ ባለ ሀብቱ አለ፤ ትኩሳቱ አለ፤ ከጎጃም ወይም ከደቡብ ጎንደር የመጣ፣ ለማንም ስሙን በትክክል ያልነገረ ጓደኛ አለ። ይህን በማኅበራዊ ልብ ወለድ ሥርዐት ብቻ የሚጽፍ ደራሲ የጉልበት ብዝበዛን ያሳየናል፤ መልካም ነው። በወንጀል ምርመራ ሥርዐት የሚጽፈው ግን አንድ ጠዋት ሒሳብ ሊከፈል ሠራተኛው ሲሰለፍ አንዱ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል ጠፍቶ፣ የሰውዬው ማጭድ ብቻ ከዳሱ ማገር ላይ እንደተንጠለጠለ ያሳየናል። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ስለ እሱ መጠየቅ ነው፤ ማን ነበር? ከየት መጣ? ደመወዙን ማን ተቀበለለት?